ከበቅሎ እስከ ዲኤክስ፦ የሹፌር ወንበር በጉለሌ ዳገት

አስር በመቶ ዳገት በዲግሪ ሲለካ ስድስት እንኳን አይሞላም። ወረቀት ላይ ኢምንት ነው። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ፣ ወይም ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ለሚነዳ ሰው ግን ያቺ ስድስት የማትሞላ ዲግሪ በቀጥታ የምትደመረው ወንበሩ ላይ ነው። ሜዳ ላይ ሳለ ጋደም ያደረገው መደገፊያ ዳገቱ ላይ ይብስ ይጋደማል፤ እጁ ከመሪው ይርቃል፣ አገጩ ይነሳል፣ ከመንገዱ ይልቅ ኮፈኑና ሰማዩ ይታየዋል። ሲመለስ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ቁልቁለቱ ገላውን ወደ ፔዳሎቹ ይገፋዋል፤ ፍሬን ሊረግጥ የተዘጋጀው እግር ሥራውን ትቶ ገላውን ደግፎ መያዝ ይጀምራል።

ስለ ሹፌር ወንበር ታሪክ ስጽፍ ጉለሌን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ቦሌ ላይ ሰው እንዳሻው ተቀምጦ ቢነዳ መንገዱ ይቅር ይለዋል። ጉለሌ ይቅር አይልም። ቀጨኔ ውስጥ ዳገት ላይ ቆሞ በፍሪሲዮንና በነዳጅ መካከል መኪናውን ይዞ የተነሳ ሰው ወንበሩ አንድ ጣት ቢርቅ ምን እንደሚፈጠር ያውቃል።

ሁላችንም የምናውቀው ሥዕል አለ። ሞላው ተቆርጦ መሬት ሊስም የደረሰ ዲኤክስ፤ ወንበሩ ወደ ኋላ የተዘረጋ፤ ሹፌሩ በመስኮቱ ግማሽ ፊቱ ብቻ የሚታይ፤ አንድ እጁ መሪው አናት ላይ፣ ሌላው ክንዱ በሩ ላይ። ይመችሃል ወይ ብንለው "በጣም!" ነው መልሱ። አይዋሽም። ምቾት ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የጀርባና የጉልበት ነው። ሌላው ሰው ሲያየን የሚሰማን ምቾት ነው። እኔ እንደማየው በዚህ ከተማ ከመቶ ዓመት በላይ የሹፌርን ወንበር ከፍና ዝቅ ሲያደርግ የኖረው በአብዛኛው ሁለተኛው ነው።

ከመኪናው በፊት የነበረውን ወንበር እንይ። እንጦጦ የምኒልክ ከተማ በነበረችበት ጊዜ፣ ቤተ መንግሥቱም ወደ ፍልውሃው ዳርቻ ወርዶ አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ፣ ትልቅ ሰው የሚጓዘው በበቅሎ ነበር። ፈረስ ለጦርነትና ለጉግስ ነው፤ ለክብርና ለረጅም መንገድ በቅሎ ይመረጣል። ዳገት ላይ እግሯ አይስትም፣ ጀርባዋም አያንገጫግጭም። መኳንንቱ ኮርቻው ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ፤ እግራቸው እርካቡ ውስጥ የሚገባው በአውራ ጣት ብቻ ነበር። የጫማ ነገር ሳይመጣ የተሠራ እርካብ ነው። ዋናው ነገር ከፍታው ነው። እግረኛው አሽከር ከበቅሎዋ ጎን ይሮጣል፣ ጌታው ከላይ ሆኖ ያያል፣ ይታያልም።

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለች መኪና ከባሕር ጠረፍ አንስቶ አዲስ አበባ ድረስ አመጣ። መንገድ በሌለበት ወራት የፈጀ ጉዞ ነበር፤ ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1913 ለንደን ውስጥ በመጽሐፍ ታትሟል። ብዙም ሳይቆይ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊም የራሱን መኪና ይዞ ደረሰ። ምኒልክ ለአዲስ ነገር ያላቸው ፍቅር የታወቀ ነውና ተሳፍረው ሞከሩት። የዚያን ዘመን መኪና ፎቶ አይታችሁ ከሆነ ሹፌሩ ሰገነት ላይ የወጣ ነው የሚመስለው። ወንበሩ ሶፋ ነው፤ መሪው እንደ ምሰሶ ከወለሉ ይነሳል፤ ነጂው ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ከሰው ሁሉ በላይ ይቀመጣል። አውሮፓም ውስጥ መኪና ከጋሪ የተወለደ ስለሆነ የጋሪ ነጂ አቀማመጥ ነበር የወረሰው። እናም መኪናው አዲስ አበባ ሲገባ ለመኳንንቱ እንግዳ የሆነው ጩኸቱና ጭሱ ነው እንጂ ከፍታው አልነበረም። በበቅሎዋ ልክ ነበር።

ቋንቋውም ይህንኑ ይመሰክራል። "መንዳት" ከብት የሚነዳበት ቃል ነው። "መሪ" ሰው የሚመራ ነው። "ወንበር" ደግሞ የዳኝነትም የሥልጣንም መቀመጫ ነው። መኪናው ውስጥ ከሹፌሩ ደረት በላይ ያለው ነገር ከሞላ ጎደል በአማርኛ ተሰየመ። ከዚያ ዝቅ ሲባል ጣልያን ይጀምራል፦ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ። ወደ ውጭ ሲወጣም ያው ነው፦ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ኮፈን፣ ባሌስትራ። ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ፣ ቆርቆሮ የሚያቃናው ባትላሜራ፤ ወረቀቱ እንኳን ሊብሬና ቦሎ፣ ቁጥሩም ታርጋ። "ሹፌር" ግን ከፈረንሳይ መጣች። (አያቶቻችን በአምስት ዓመት ወረራ ጣልያንን አባረሩ፤ ጋራዡን ግን ማባረር አልተቻለም።)

ጉለሌ ግን ሌላም ወንበር ነበራት፣ ከበቅሎውም ከሲድሊውም የተለየ። ከጋሞ ደጋ፣ በተለይ ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች ሽሮ ሜዳና አዲሱ ገበያ ዙሪያ ሰፍረው ሲሠሩ ትውልዶች አልፈዋል። ዛሬም ሽሮ ሜዳ ለበዓል ቀሚስ ልትገዙ የምትሄዱት በእነሱ ምክንያት ነው። ባህላዊው የሽመና ሥራ የሚሠራው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ነው። ሸማኔው መሬት ላይ ይቀመጣል፣ እግሮቹን ጉድጓዱ ውስጥ ይሰዳል፣ ከታች ያሉትን መርገጫዎች በግራና በቀኝ እያፈራረቀ ይረግጣል፤ በእጁ መወርወሪያውን ይወረውራል። ግራ እግር፣ ቀኝ እግር፣ ሁለት እጅ፣ አንድ ዓይን ፊት ለፊት። ፍሪሲዮን ያለው መኪና ነድታችሁ የምታውቁ ከሆነ ይህ አቀማመጥ እንግዳ አይሆንባችሁም።

የሚገርመኝ ጉድጓዱ ነው። ጉድጓዱ የሚቆፈረው በሚቀመጥበት ሰው እግር ልክ ነው። ጠልቆ ከሆነ ጣቱ መርገጫው ላይ በደንብ አያርፍም፤ ካልጠለቀ ጉልበቱ ተነስቶ ጨርቁን ይነካል። ዛሬ የመኪና መሐንዲሶች "መጀመሪያ ፔዳሉ፣ ከዚያ ወንበሩ፣ መጨረሻ ላይ እጅ" የሚሉት ቅደም ተከተል ጉለሌ ውስጥ በአካፋ ይሠራ ነበር። ነገሩን ላሳምረው አልፈልግም። ጉድጓዱ መደገፊያ የለውም፤ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ መሥራት ወገብና ጀርባ ይጨርሳል። ለሙያውም ክብር አልተሰጠውም። ሸማኔ በስድብ የሚጠራበት ዘመን ነበር፣ ጨርሶ አለፈም ማለት አይቻልም። ዝቅ ብሎ የሚቀመጠው የሚናቀው ሰው ነበር፤ ከፍ ብሎ የሚቀመጠው የሚፈራው። በእግር ልክ የተሠራው ወንበር ግን የዝቅተኛው ነው።

መኪናው ወደ ተራው ሰው ሲወርድ ያመጣው ልክ የጣልያን ነበር። በወረራው ዘመን ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ሲሠራ ተራራውን የወጡት ከባድ መኪኖች መካከል በፊያት 634 የሚታወቀው አለ፤ እኛ ከቁጥሩ መጨረሻ ወስደን "ትሬንታ ኳትሮ" ያልነው። የዚያን ጊዜ የጣልያን ከባድ መኪኖች አንድ ልዩ ጠባይ ነበራቸው። ጣልያን በቀኝ መስመር እየነዳ የከባድ መኪናው መሪ ግን በቀኝ በኩል ነበር። ምክንያቱ ገደል ነው። የአልፕስን ተራራ የሚያቋርጥ ሹፌር ከፊት ከሚመጣው መኪና ይልቅ የመንገዱን ጠርዝ ማየት ይፈልጋል፤ ጎማው ከገደሉ ስንት ጣት እንደቀረው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ያያል። ወንበሩን የት እናድርገው የሚለውን ጥያቄ የመለሰው የመልክዓ ምድሩ ፍርሃት ነው። ለእኛ ተራራ የታሰበ ባይሆንም ለእኛ ተራራ የሚሆን መልስ ነበር።

ከዚያ ሴቼንቶ መጣች። ፊያት 600 እ.ኤ.አ. በ1955 ቱሪን ውስጥ ስትወለድ ርዝመቷ ሦስት ሜትር ከሃያ ገደማ ነበር፤ ሞተሯ ከኋላ ነው። በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ ሆነች። ትንሽ መኪና ውስጥ የፊት ጎማው ቤት ወደ ሹፌሩ እግር ገብቶ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ፔዳሎቹ ወደ መሃል ይገፋሉ። ሹፌሩ ፊቱን ወደ መንገድ፣ ትከሻውን ወደ መሪ፣ እግሩን ደግሞ ወደ ተሳፋሪው አዙሮ ይውላል። አንድ ሰዓት ምንም አይደለም። ሃያ ዓመት ሲሆን ወገብ ይናገራል።

ደርግ መጥቶ ሶሻሊዝም ሲታወጅ ታክሲውም ሶሻሊስት ሆነ፤ ላዳ ገባች። እዚህ ላይ ታሪክ ትንሽ ይቀልዳል። ላዳ ማለት በፊያት 124 ላይ የተመሠረተች መኪና ናት። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውላ ፋብሪካውን በተከለችበት ከተማ 1970 ላይ ማምረት ጀመረች፤ ከተማዋም በጣልያናዊው ኮሚኒስት በቶሊያቲ ስም ነው የምትጠራው። ስለዚህ ከአፄው ወደ ደርግ ሲኬድ የመንግሥቱ ቀለም ተለወጠ፣ የሹፌሩ አቀማመጥ ግን ጣልያን እንደሆነ ቀረ። የመኪና ጋዜጠኞች ስለ ድሮ የጣልያን መኪኖች ሲያላግጡ "ረጅም እጅና አጭር እግር ላለው ሰው የተሠሩ" ይላሉ። ፔዳሉ ቅርብ ነው፣ መሪው ሩቅና ትንሽ የተጋደመ። እግርህን ለማመቻቸት ወንበሩን ወደ ኋላ ስትገፋው እጅህ መሪው ላይ አይደርስም፤ ወደ ፊት ስትስበው ጉልበትህ መሪውን ይነካል። የላዳ ሹፌሮች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ዛሬም ይታያል። ትራስ ነው። ከወገብ በታች ትራስ፣ ከጀርባ ትራስ፣ ከዚያም ላይ የተጠለፈ የወንበር ልብስ። የአዲስ አበባ የታክሲ ወንበር ታሪክ የትራስ ታሪክ ነው ብል አላጋነንኩም።

ትራስ ካነሳን አይቀር፦ ካፑሺንስኪ የተባለው ፖላንዳዊ ጋዜጠኛ ስለ ጃንሆይ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ሥራው ከንጉሡ እግር ሥር ትራስ ማስቀመጥ ብቻ የነበረ ሰው አለ። ዙፋኑ ከፍ ያለ፣ ንጉሡ አጭር፣ እግራቸው እንዳይንጠለጠል። መጽሐፉ እውነትና ፈጠራ የተቀላቀለበት ነው ተብሎ በብዙ ሰው ተተችቷል፤ እኔም እንደ ማስረጃ አላነሳውም። የተረዳው ነገር ግን ትክክል ነው። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው እግሩ ማረፊያ ካጣ ግርማው ከታች ይፈርሳል። መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሄዶ ወንበሩ ለእሱ ያልተስተካከለ መኪና ላይ የተፈተነ አጭር ሰው ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከግራ መስመር ወደ ቀኝ መስመር ዞረች። ስዊድን ተመሳሳይ ነገር ያደረገችው ከእኛ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ የእነሱ በዓለም ታሪክ ላይ በፎቶ ሲዘዋወር የእኛን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ይህ ውሳኔ ዛሬ ከሽሮ ሜዳ የምትወርድ ቪትዝ ውስጥ በተቀመጠ ሰው ጉልበት ላይ ይኖራል ብንል የሚያምን የለም። ግን ይኖራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማችንን ያጥለቀለቁት ያገለገሉ ቶዮታዎች ብዙዎቹ የተሠሩት ለጃፓን ገበያ ነው። ጃፓን በግራ ይነዳል፤ መሪው በቀኝ ነው። እኛ ጋ እንዲሠሩ መሪያቸው መዞር ነበረበት፤ ዱባይም ሆነ ሌላ ቦታ መሪ ማዞር ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣችው የመጀመሪያዋ ቪትዝ ለዚህ የተፈጠረች ነው የምትመስለው፤ የፍጥነት መቁጠሪያው መሃል ላይ ነው፣ መሪው ግራ ሄደ ቀኝ ግድ አይሰጠውም። ሌላው አካሏ ግን ግድ ይሰጠዋል። አዟሪው ጋራዥ ጠንቃቃ ከሆነ ደህና፤ ካልሆነ የፍሬኑ ኃይል ማጎልበቻ በድሮ ቦታው በቀኝ ቀርቶ ከሹፌሩ ፔዳል ጋር በረጅም ዘንግ ይያያዛል፤ ፍሬኑ ትንሽ ይዘገያል፣ ሲረገጥም ልስልስ ይላል። ፔዳሎቹ ለእነሱ ባልተዘጋጀ ግድግዳ ላይ ስለሚተከሉ አንዳንዴ ይጠጋጋሉ፣ አንዳንዴም ከወንበሩ መሃል ይወጣሉ። የዝናብ መጥረጊያው አሁንም የሚጠርገው ለጃፓናዊው ሹፌር ነው፤ በክረምት ያልተጠረገችው የመስታወቱ ጥግ ልክ የእናንተ ዓይን ፊት ትሆናለች። የፊት መብራቱ ወደ ግራ ያዘነበለ ከሆነ ማታ ከፊት የሚመጣውን ሰው ያሳውራል። ፍሬቻ አበራለሁ ብላ ዝናብ መጥረጊያ የምታስነሳ ሴትዮ አይታችሁ ስቃችሁ ከሆነ፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ እጀታው በጃፓን ወግ በቀኝ በኩል ስለቀረ ነው።

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ከሆነ ሞተር ከማስጀመራችሁ በፊት ቁጭ በሉ። ዳሌያችሁን ወደ ኋላ አስጠግታችሁ የመሪው እምብርት ከእናንተ እምብርት ጋር ይገጥም እንደሆነ እዩ። ፍሬንና ነዳጅ በአንድ ጫማ አብረው ይረገጡ እንደሆነ ሞክሩ። ደላላው "ንጹህ ናት" እያለ ሲያወራ ወገባችሁ የሚላችሁን ስሙ።

አሁን ወደ ዲኤክስ። ዲኤክስ የምንላት በ1970ዎቹ መጨረሻ በፈረንጅ አቆጣጠር የወጣችው አራተኛዋ የቶዮታ ኮሮላ ትውልድ ናት። የኋላ ጎማዋ ነው የሚገፋት፤ ቀላል ናት፤ መለዋወጫዋ በየሱቁ አለ። ከእሷ ቀጥሎ የመጣው የኮሮላ ትውልድ ውስጥ ያለችው ኤኢ86 በጃፓን ተራራ መንገዶች ላይ በመንሸራተት ዓለም አቀፍ ዝና አገኘች። የእኛዋ የዚያች የቅርብ ዘመድ ናት ማለት ነው። ልጆቻችን ስፖርት መኪና ከውጭ ማስመጣት ስላልቻሉ ካለችው ኮሮላ ውስጥ አወጧት። ቸርኬ ቀየሩላት፣ ሞላዋን ቆረጡት፣ መሪዋን በትንሽ ተኩት፣ ወንበሯን ዘረጉት። በዚህ አልስቅም። ከፍ ብሎ መቀመጥ የጌታ በሆነበት አገር ወጣቱ ዝቅ ብሎ መቀመጥን የኩራት ምልክት ማድረጉ ትንሽ ነገር አይደለም። በበቅሎ ዘመን እንዲህ የሚታሰብ አልነበረም።

ችግሩ የተዘረጋው ወንበር ከየት እንደመጣ አለማወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የመጀመሪያውን የፎርሙላ አንድ የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈው ጣልያናዊው ኒኖ ፋሪና ነው። ከእሱ በፊት የነበሩ ተወዳዳሪዎች መሪው ላይ ተደፍተው፣ ክርናቸውን አጥፈው ነበር የሚነዱት። ፋሪና ወደ ኋላ ተደግፎ እጁን ዘርግቶ ሲነዳ የተዝናና ይመስል ነበር፤ ስተርሊንግ ሞስ ወደደው፣ ቀዳው፣ ከሞስ ደግሞ ዓለም ቀዳ። በ1962 ሎተስ 25 የምትባለው መኪና ስትመጣ ጂም ክላርክ ውስጧ የተኛ ያህል ነበር፤ ነፋስ የሚመታው ሰውነት እንዲቀንስ ነው። ፎቶው መንገድ ላይ ወጣ፣ ፋሽን ሆነ። ፎቶው ያላሳየው ግን የክላርክ መኪና ጠባብ ሆና ገላውን በሁሉም በኩል ደግፋ እንደያዘችው ነው። መሪዋም ፔዳሏም እዚያው ከእሱ ጋር ዝቅ ብለዋል። እኛ የዘረጋነው ወንበሩን ብቻ ነው፤ መሪውም ፔዳሉም በቦታቸው ናቸው። ተራራና ጠጠር ላይ የሚወዳደሩ የራሊ ሹፌሮችን ተመልከቱ፦ ቀጥ ብለው፣ መሪው አጠገብ፣ ክርናቸው ታጥፎ። የእንጦጦ መንገድ የሚመስለው የእነሱን መንገድ ነው እንጂ የክላርክን አይደለም።

ዲኤክሱን ዝቅ አድርጎ በደንብም መቀመጥ ይቻላል፣ ሁለቱ አይጣሉም። ሸማኔው ከሚጀምርበት ጀምር፣ ከእግር። ዳሌህን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ አስገባ። ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ርገጥ፤ ያኔ ጉልበትህ ትንሽ እጥፍ ብሎ ከቀረ ርቀቱ ልክ ነው፤ ጭራሽ ከተዘረጋ ሩቅ ነህ። ከዚያ መደገፊያውን አንሳ፦ ትከሻህ ከመደገፊያው ሳይለቅ የእጅህ አንጓ የመሪው አናት ላይ ማረፍ አለበት። ደረትህና መሪው መካከል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ይኑር፤ ኤርባግ ላለው መኪና አሜሪካኖቹ የሚመክሩት ርቀት ነው። ዝቅታን የምትፈልግ ከሆነ ወንበሩን ከነሐዲዱ ዝቅ የሚያደርግ ባለሙያ ፈልግ፤ መደገፊያውን መዘርጋት ዝቅ ማለት አይደለም፣ መተኛት ነው።

የመተኛቱ ዋጋ የሚታወቀው በቀበቶ ነው። ባለ ሦስት ጫፍ ቀበቶውን ቮልቮ እ.ኤ.አ. በ1959 ሲያወጣው የታችኛው ጥብጣብ ዳሌ አጥንት ላይ፣ የላይኛው ትከሻ ላይ እንዲያርፍ አስቦ ነው። አጥንት ጫና ይችላል። ወንበሩ ሲዘረጋ የትከሻው ጥብጣብ ከደረት ይርቃል፣ የታችኛው ወደ ሆድ ይወጣል። ግጭት ሲመጣ ሰውየው ከቀበቶው ሥር ሾልኮ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የሚይዘው ሆዱ ነው፣ ወይም አንገቱ። ቀበቶ አስሮ መሞት የሚባለው አንዱ ይህ ነው። ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ ሲወረድ ፍሬናቸው የከዳቸው ከባድ መኪኖች የሚያስፈሩበት ቁልቁለት ላይ ይህ ወሬ ብቻ አይደለም።

ትልልቆቹ ሰዎችስ? እነሱ ወደ በቅሏቸው ተመለሱ። "ቪ8" የሚለው ስም አንድ ሰሞን ከሞተር ስም ወደ ሥልጣን ስም ተለውጦ ነበር። ላንድክሩዘሩ ከፍ ያለ ነው፤ ከውስጡ ሆኖ ዲኤክስን ማየት ቁልቁል ማየት ነው። ጎን ለጎን የሚሮጠው አሽከር ብቻ ነው የጎደለው። (እሱም አንዳንዴ በሞተር ሳይክል ከፊት ይመጣል።)

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ በዓለም የመጀመሪያው እንደሆነ ብዙ ተብሏል። አሁን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ፓርክ የሚወጡት የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች ድምፅ የላቸውም፤ ወንበራቸው ግን አዲስ ነገር ይዞ መጥቷል። ባትሪው ወለሉ ሥር ስለተነጠፈ ወለሉ ከፍ ይላል፤ ወንበሩ በዚያው ልክ ካልተነሳ ጉልበት ይወጣል፣ ጭን አየር ላይ ይቀራል፣ ክብደቱን ሁሉ መቀመጫ ይሸከማል። ያልጠለቀ የሸማኔ ጉድጓድ ማለት ነው። መድኃኒቱ ወንበሩን ከፍ አድርጎ ጭኑ መቀመጫው ላይ እንዲተኛ ማድረግ ነው፤ ዝቅታ የለመደ የዲኤክስ ልጅ ደግሞ መጀመሪያ ሲገባ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው።

ግራ እግሩም ሥራ አጥቷል። ፍሪሲዮን የለም፤ ቀኙ እንኳን ነዳጅ መስጫውን ሲለቀው መኪናው በራሱ እየቀዘቀዘ ቁልቁለቱን ወደ ባትሪ ይመልሰዋል፣ ፍሬን የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። ከእንጦጦ ሲወርድ ግን ገላው አሁንም ወደ ፊት ይንሸራተታል። ከፔዳሎቹ በስተግራ ወለሉ ላይ ዘንበል ብላ የተሠራች እግር ማሳረፊያ አለች፤ ብዙ ሰው ጌጥ ትመስለዋለች። ግራ እግሩን እዚያ ላይ ተክሎ ገፋ ሲያደርግ ዳሌው ወደ መደገፊያው ይመለሳል፣ ቀኝ እግሩም ነፃ ይሆናል።